ሰው ሲወጣ ትሪው ይዞራል

ማክሰኞ፣ ጥር 14

አልሄድም አለች እናቴ። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም።

የደወለው አጎቴ ቶቶ ነው፣ የናናይ ታናሽ ወንድም፣ መርከበኛው። ናናይ ማለት በፊሊፒንስ እማዬ ማለት ነው። ጅግጅጋ ውስጥ እናቱን ናናይ ብሎ የሚጠራ እኔና ወንድሜ ዳዊት ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ቶቶ ያለው ይሄን ነው፤ ሎላ ወድቃለች። ሎላ አያት ማለት ነው፣ የናናይ እናት። አጥንቷ ደህና ነው፣ ግን ከወደቀች ወዲህ ሰው መለየት ትታለች። አብረዋት የሚኖሩትን ልጆቿን «እናንተ እነማን ናችሁ?» ትላቸዋለች። አንድ ስም ብቻ ትጣራለች አለ። ሎርና። ሎርና እናቴ ናት።

ቲኬቱን ሳይጠይቃት ቆርጦታል። ለእሑድ። የመመለሻው ቀን ክፍት ነው። «ብጠይቃት እምቢ ትለኛለች ብዬ ነው» አለኝ። እህቱን ያውቃታል።

ናናይ ስልኩን ዘግታ ሩዝ መልቀም ያዘች። ያ ሩዝ ትናንት ተለቅሟል።

ምክንያቷ እማማ ናት። እማማ የአባቴ እናት። አባዬ ከሞተ በዓመቱ ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። የሚያጥባት ናናይ፣ የሚያገላብጣት ናናይ፣ የሚያጎርሳት ናናይ። ሌላ ሰው ከነካት ሰፈር ይሰማል። እኔ የልጇ ልጅ እንኳ ትራሷን ሳስተካክል «ቀስ በይ አንቺ አህያ» ነው የምትለኝ።

እስቲ ይሄ ምን ይባላል? እናቴ የባሏን እናት ስታጥብ፣ የእሷን እናት ደግሞ ሌላ ሰው ያጥባል። ይህን ጮክ ብዬ አላልኩም። የስልኩን ነገር ለእማማም አልነገርናትም። ናናይ በዓይኗ አስጠነቀቀችን።

ደግሞ ፓስፖርቷ ሁልጊዜ የታደሰ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ታሳድሳለች፣ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ በቃ። እኔ ሳልወለድ እንደመጣች ነው፣ አንድ ቀን አልሄደችም። አንዴ «የማትሄጂበትን ለምን ታሳድሺዋለሽ?» ብላት «አልወጣም ብለሽ በርሽን በብሎኬት ትደፍኚዋለሽ?» አለችኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናቴ ሞኝም ወረቀትም አይደለችም፤ ያው አትለቅም።

ረቡዕ

ጾም። ምስር። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ገባ፣ ቤቱን ሦስቴ ብንጠርገው ያው ነው።

ምሳ ላይ ዳዊት ትምህርት ቤት ረፍዶበት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ የሙከራ ፈተና አለበት። ሊነሳ ሲል ናናይ አየችው። ብቻ አየችው። ተመልሶ ተቀመጠና ምስሩን እያቃጠለው ዋጠው። እኛ ቤት ምግብ ቀርቦ ሰው ከቤት አይወጣም። እኔም በዚህ የተነሳ የምሠራበት ፋርማሲ ስንቴ አርፍጄ ስንቴ ተቆጥተውኛል። ምክንያቱን ለአለቃዬ ብነግረው ያበድኩ ይመስለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በናናይ አገር ሰዎች እየበሉ ሳለ አንዱ ተነስቶ ከወጣ፣ የቀሩት ሰሃናቸውን ያዞራሉ። የወጣው ሰው መንገድ ላይ ክፉ እንዳያገኘው፣ በደህና እንዲመለስ። እዚያ እያንዳንዱ የራሱ ሰሃን ስላለው ችግር የለም። እኛ ግን የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ናናይ ትሪውን ስታዞር የእኔ ጥግ ዳዊት ጋ ይሄዳል፣ የዳዊት ጥግ እማማ ጋ ይደርሳል። ዳዊት ልጅ ሳለ ሥጋው የት ጋ እንደሆነ አይቶ «አባዬ፣ ሱቅ አትሄድም?» ይል ነበር። ሌባ!

እማማ ደግሞ ትንጨረጨር ነበር። «የምን ጥንቆላ ነው? እንጀራ ይባረካል እንጂ ይሾራል እንዴ?» ትልና እጇን ትሪው ላይ ትጭናለች። ናናይ ታዞራለች፣ እማማ ትይዛለች። አባዬ ከደጅ ሆኖ ይስቃል።

አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ያን ቀን ምሳ ላይ ሳለን ስልክ ተደወለለት፣ ለደገሀቡር ጭነት አለ ተባለ። እጁን ታጠበና «መጣሁ» ብሎ ወጣ። እማማ እንደልማዷ ትሪውን ያዘች። ናናይ ያን ቀን ራሷን አሟት ነበር፣ አልታገለችም። ትሪው አልዞረም። አባዬ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ።

ናናይ ስለዚያ ለእማማ አንዲት ቃል ተናግራት አታውቅም። እማማም አላነሳችውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሪ የሚያዞር የለም፣ ማዕድ ላይ እያለም የሚወጣ የለም። ሁላችንም በልተን እስክንጨርስ እንጠብቃለን። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ሐሙስ

ዛሬ ጉድ ፈላ።

እኔ ጠዋት ላይ እማማን ልጠብ ብዬ ነበር፣ ናናይ «አንቺ ካጠብሻት ልሄድ እችላለሁ» እንድትል። ውሃው ሞቅ ብሎ ነበር መሰል። «ዶሮ ነኝ እንዴ? ላባዬን ልትነጪ ነው?» ብላ ጮኸች። ኤዶ ፋጡማ ከአጥር ማዶ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ነው። ጎረቤታችን ናት፣ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች፣ ከናናይ ጋር የማይለያዩ ናቸው። ናናይ «ፈ» አይወጣላትም፣ ስለዚህ «ፓጡማ» ትላታለች። ኤዶ ፋጡማ ደግሞ «ፐ» አይወጣላትም። ሁለቱ ሲያወሩ ግማሹን እኔ ነኝ የምጠግነው።

እና ኤዶ ፋጡማ እማማ አልጋ አጠገብ ቆማ፣ በሙሉ ድምጿ፣ «ሎርና፣ ባስቦርትሽን አዘጋጀሽ? እሑድ ነው አይደል? ዋላሂ ባትሄጂ እጣላሻለሁ!» አለች።

ናናይ ዓይኗን አፈጠጠችባት።

ኤዶ ፋጡማ አፏን በሻሿ ያዘች። «እማማ አታውቅም እንዴ? አቦ፣ እኔ ምላሴ ይቆረጥ!»

እማማ ወደ ናናይ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ከንፈሯን አሞጥሙጣ ወደ በሩ ጠቆመች። ኤዶ ፋጡማ ውጪልኝ የተባለች መስሏት ደነገጠች። ዝጊው ማለቷ ነበር፣ ንፋስ እየገባ ነው።

የከንፈሩ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ናናይ በጣቷ አትጠቁምም፣ በከንፈሯ ነው። አገሯ ሁሉም እንዲህ ነው አሉ። ሙሽራ ሆና እዚህ ቤት የገባች ሰሞን እማማ ጨው የት አለ ስትላት ከንፈሯን አሞጥሙጣ ወደ መደርደሪያው አሳየቻት። እማማ «ከንፈሯን ጣለችብኝ፣ ገና ሳትለምደኝ ናቀችኝ» ብላ አኮረፈች። አባዬ ሁለቱንም አስቀምጦ እስኪያስረዳ ድረስ ቤቱ ሲኦል ነበር አሉ። አሁን ደግሞ እማማ ራሷ በከንፈሯ ነው የምታዝዘን። ግራ እጇ አይነሳም፣ ቀኟን ከብርድ ልብሱ ማውጣት አትወድም፤ ምላሷም ሲደክማት ይተሳሰራል። እንግዳ ሰው ሲያያት የተቆጣች ይመስለዋል። ውሃ ፈልጋ ነው።

ማታ ናናይ ልታጎርሳት ቀረበች። እማማ አፏን ገጠመች።

«እማማ፣ አንቺ ብይ እንጂ» አለቻት። ናናይ አማርኛውን ሁሉ የተማረችው ከእማማ ነው። እማማ ደግሞ እሷን «አንቺ ነይ፣ አንቺ አምጪ» ነበር የምትላት። ስለዚህ ናናይ ለእማማም አንቺ፣ ለቄሱም አንቺ፣ ለትራፊክ ፖሊሱም አንቺ።

እማማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምንም አልበላችም።

ዓርብ

ጠዋት አጥሚት። ገጠመች። ምሳ። ገጠመች። ናናይ ማንኪያውን ይዛ ተንበርክካ ለመነቻት። አሮጊቷ ድንጋይ ሆነች።

መጨረሻ ላይ ተናገረች። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። «ስንት ዓመት የበላሁት የእናትሽን ጉርሻ ነው። አላወቅሁም ብዬ በላሁ። አሁን ግን እየጠራችሽ እንደሆነ አወቅሁ። አውቄ ከበላሁ ሌባ ነኝ። ሌባ አታድርጊኝ።»

ናናይ ማንኪያውን ሰሃኑ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እማማ በከንፈሯ ወደ እኔ ጠቆመች። ቀጥሎ ወደ ማንኪያው። ቀረብኩና አጎረስኳት። በላች! ሁሉንም በላች። እየተቆጣች ነው የበላችው፣ «አፌን እንጂ አፍንጫዬን አይደለም» እያለች፣ ግን በላች። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ መጣ። ናናይ ስንት ዓመት የያዘችውን ማንኪያ ነው የያዝኩት።

ናናይን ጓሮ፣ ሮቶው ሥር አገኘኋት። ተቀምጣለች። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ሌላ ቀን ቢሆን ቧንቧውን አጥብቃ ትዘጋው ነበር። እያለቀሰች ነው። እናቴ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው።

«አሮጊቷ አባረረችኝ» አለች።

«አላባረረችሽም። ሂጂ ነው ያለችሽ» አልኳት።

«ለእናቴ ሁለት ዓመት ብዬ ነው የወጣሁት። ጅቡቲ ሁለት ዓመት ልጅ ጠብቄ፣ ቤታችንን ጣሪያ አልብሼ እመለሳለሁ ብዬ። ከዚያ አባትሽ መጣ። ከዚያ አንቺ መጣሽ። አሁን በምን ዓይኔ ነው የማያት?» ቀጥላ ያለችው ነው ሆዴን ያባባው፤ «ደግሞ ባታውቀኝስ? እዚህ ሆኜ ስሜን ስትጠራ ታውቀኛለች። ሄጄ ፊቷ ቆሜ ማነሽ ብትለኝስ?»

ለካ እማማ ሰበብ ነበረች። ግማሽ እውነት፣ ግማሽ ሰበብ።

አጽናናኋት። ሂጂ አልኳት። ጎበዝ ልጅ መሰልኩ። ይህ ደብተር ግን የማልዋሽበት ቦታ ነውና ልጻፈው፤ እንድትሄድ አልፈልግም። ፈርቻለሁ። ከሄደች የምትመለስ አይመስለኝም። እዚያ ወንድሞቿ አሉ፣ ባሕሩ አለ፣ ቋንቋዋ አለ፤ መንገድ ላይ «ቻይና! ቻይና!» ብሎ የሚከተላት ልጅ የለም። እዚህ ምን አላት? እኛ። እኛ ደግሞ አድገናል። አባዬ የለም። እማማ እንኳ አፏን ገጥማባታለች። እኔ ብሆን እመለሳለሁ ወይ?

መልሱን አልጽፈውም።

ቅዳሜ

ትሄዳለች። ሳትናገር ነው የወሰነችው፤ ጠዋት ስነሳ ሻንጣው አልጋ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት።

አገሯ ባዶ እጅ አይገባም። ለእያንዳንዱ ዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ለሁሉም አንድ አንድ ነገር። ሐልዋ፣ ሻሽ፣ ሽቶ፣ በርበሬ። በርበሬውን ማን እንደሚበላው እንጃ። ኤዶ ፋጡማ ለሎላ ዲራ ይዛ መጣች፣ ያን የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱትን ሰፊ ስስ ቀሚስ። «ባሕር ዳርቻ ሙቀት ነው፣ ይነፍስባታል» አለች። ጠዋት ጠዋት እኔ ሥራ ስወጣ እማማ ጋ እሷ ትቀመጣለች። ከሰዓቱን እኔ። አለቃዬ እያጉረመረመ ፈቅዷል። ዳዊት ማታ ማታ ያገላብጣታል፣ ጉልበት አለው። «ፈተናህስ?» ስለው «ለእማማ እያነበብኩላት አጠናለሁ፣ ቶሎ ትተኛለች» አለ። እማማም ሰምታ «አንተ ስታነብ ማን ነቅቶ ይቀራል?» አለችው።

እማማን ማጠብ ናናይ አስተማረችኝ። ውሃውን በእጅ ሳይሆን በክርን ሞክሪው። ከደህናው ጎን ጀምሪ፣ እንዳትደነግጥ። ጀርባዋን ስታጥቢ አውሪላት፣ ዝም ካልሽ ይበርዳታል። ምን ላውራ ብላት «እኔ የጅቡቲን ነው የማወራላት» አለች።

የጅቡቲውን አውቀዋለሁ። አባዬ በደወሌ በኩል ጭነት ይዞ ይመላለስ ነበር፣ እሷ ያለችበት ቤት ዕቃ ያደርሳል። የመጀመሪያ የተማረችው የአማርኛ ቃል «መጣሁ» ነው። አባዬ ወጣ ሲል መጣሁ ይላል፣ እሷ የቃሉን ትርጉም ጠይቃ «ደረስኩ ማለት ነው» ብለዋታል። ታዲያ ሰውየው ደረስኩ እያለ ይሄዳል! በሩን ከፍታ ስትጠብቅ ሾርባው እሳት ላይ አረረ። አሰሪዋ ጮኸችባት። «ያኔ ነው የወደድኩት፣ ከመናደዴ የተነሳ» ትላለች።

ይህን ሁሉ ስታወራ እማማ በአረፋ ውስጥ ሆና እየሳቀች ነበር። ስንቴ ሰምታዋለች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ትራስጌዋን በከንፈሯ ጠቆመች። ነጠላዋ፣ ደህናው፣ የበዓል። «ለእናትሽ» አለቻት። ናናይ ጉልበቷን ሳመች።

እሑድ

ሄደች።

ምሳውን እማማ አልጋ አጠገብ አቀረብን። ዶሮ በአቼቶና በነጭ ሽንኩርት፣ ናናይ አዶቦ የምትለው፣ ከሥሩ ሩዝ፣ ከጎኑ ሙዝ። እዚህ አገር ሩዝና ፓስታ ከሙዝ ጋር ሲበላ መጀመሪያ ያየች ቀን «ሩዝን በሙዝ የሚበላ ሰው ክፉ አይሆንም» ብላ እዚህ ለመኖር ወሰነች፤ እሷ እንደምትለው ማለት ነው። በረራው ከሰዓት ነበር፣ ተረጋግተን በልተን እንወጣለን ብለን ነው። ሁሉ ነገር በሥርዓቱ።

ገና ጥቂት እንደጎረስን ባጃጁ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። የበረራው ሰዓት ቀድሟል፣ አየር ማረፊያው ቶሎ ይግቡ ብሏል አለ ልጁ፤ የኤዶ ፋጡማ የወንድም ልጅ ነው የሚነዳው። «ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ቆይ!» አለችው ከአጥር ማዶ። «መቆየት የለም!» አለ።

ናናይ እጇን ከትሪው ላይ አነሳች። ተነስታ ቆመች። እኛ ተቀምጠን ትሪው መሃላችን። ዳዊት አንገቱን ደፋ። ሁላችንም አንድ ነገር እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ። እናዙረው ብሎ እጁን የሚዘረጋ ጠፋ፤ እማማ ፊት እንዴት? ማዞር ማለት ያን ቀን ማንሳት ነው። አለማዞር ደግሞ... አለማዞርስ እንዴት ይቻላል?

ናናይ እማማን ግንባሯን ሳመቻት። ዳዊትን ሳመችው። እኔን አቀፈችኝ፣ ጠረኗ ነጭ ሽንኩርት ነበር። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች።

«መጣሁ» አለች።

ያኔ ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። የእማማ ቀኝ እጅ ወጣ። የትሪውን ጠርዝ ያዘችና ገፋች። ትሪው ከባድ ነው፣ ሩዝ ሞልቶበታል። ዳዊት ሊረዳት እጁን ሲዘረጋ «ተው!» ብላ መታችው። ራሷ አዞረችው። እያረፈች፣ እየተነፈሰች፣ ሙሉውን ዙር።

ናናይ በሩ ላይ ቆማ ዙሩ እስኪያልቅ አየች። ከዚያ ወጣች። የባጃጁን ድምፅ ብቻ ነው የሰማነው።

የዶሮው እግር ዳዊት ፊት ቆሞ ነበር። አልነካውም።

የአየር ማረፊያውን ኤዶ ፋጡማ ናት የነገረችኝ፤ አብራት ሄዳ ነበር። ፈታሹ ወታደር ሻንጣዋን ሲያገላብጥ ናናይ «አንቺ፣ ቀስ በይ፣ በርበሬ አለበት!» አለችው። ጢማም ሰውዬ ነው አሉ። ከመሳቁ የተነሳ ሳይፈትሽ አሳለፋት።

ሰኞ

ቤቱ ይጮኻል፣ ባዶነቱ። ጫማዋ በር ላይ ነው፣ የጓሮዋ ሸበጥ። የሚመለስ ሰው ነው ሸበጡን የሚተው፣ ወይስ የማይፈልገው? ኤጭ፣ እንዲህ እያሰብኩ አብዳለሁ።

እማማን አጠብኳት። ውሃውን በክርኔ። የማወራው ሲጠፋኝ ስለ ፋርማሲው አወራሁላት፣ ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ የዓይን ጠብታ የሚጠይቀውን ሰውዬ። «ደህና ነሽ» አለችኝ ስጨርስ። ከእማማ አፍ ይህ ሜዳሊያ ነው። «ግን እጅሽ እንደ እናትሽ አይደለም» ብላ ጨመረች።

አውቃለሁ።

ስልክ የለም። መንገድ ላይ ናት።

ረቡዕ

የድምፅ መልእክት ላከች! ፋርማሲው ውስጥ ነበርኩ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ገብቼ ሰማሁት። ከዚያ ለእማማ ላሰማት ወደ ቤት በረርኩ።

ደርሳለች። ሎላ አላወቀቻትም። «ማነሽ?» አለቻት። ሎርና ነኝ ስትላት «ሎርናማ ሩቅ ናት» ብላ እጇን ዳበሰቻት፣ እንደ እንግዳ። ናናይ ድምጿ እዚህ ላይ ተቆረጠ፤ ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል፣ ሰዎች ያወራሉ፣ ምንም የማይገባኝ ቋንቋ። የፈራችው ደረሰባት አልኩ።

ከዚያ ቀጠለች። «ግን ስሚ። እራት እየበላን ቶቶ ከደጅ ጠራኝ። ተነሳሁ። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል እናቴ ሰሃኗን እያዞረች ነው። ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ይበላል፣ እሷ ብቻ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም፣ ግን አዞረችልኝ።» ቀጥላ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁትም። ነጠላውን ሎላ አጣጥፋ ትራሷ ሥር ከታዋለች። ዲራውን ለብሳዋለች፣ አታወልቅም ብላለች። ስለ መመለሷ ምንም አላለችም። እኔም መልሼ ስደውል አልጠየቅኋትም።

እማማ መልእክቱን ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። እንደገና ድገሚው አለች። ዳዊትም ከትምህርት ቤት ገብቶ ቆሞ ሰማ። ሲያበቃ እማማ ስልኩን በከንፈሯ ጠቆመች።

«አዞረች?» አለች።

«አዞረች» አልኳት።

«እኛም አዞርን፣ እሷም አዞረች። እኛ ወደዚህ እንድትመለስ፣ እሷ ወደዚያ።» ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲህ የማን ይይዛል?»

ከንፈሯን አሞጥሙጣ ወደ ኩባያው ጠቆመች። ውሃውን አቀበልኳት።